ጠብቆና ላልቶ፦ የልጆቻችን የዘፈን ጨዋታ ምን ያስተምረናል?

እዚህ ስቶክሆልም ልጅ የሚያሳድግ ወገናችን ሁሉ «ይህ ልጅ ምን እየነካካ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ አይቀርም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ በእጁ የያዛትን ትንሽ መሣሪያ በጣቶቹ እየመታ፣ እኛ በማናውቀው ቋንቋ ያንጎራጉራል። ብዙዎቻችን ጊዜ ማባከን ነው ብለን እናልፈዋለን። ዛሬ ግን ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱን ቀረብ ብለን እንመልከት፤ ከአማርኛችን ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ አለና።

ጨዋታው «ሀትሱኔ ሚኩ ፕሮጀክት ሚራይ ዲኤክስ» ይባላል። ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ለኒንቴንዶ ትሪ ዲኤስ ያወጣው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዘፋኞቹ ጭንቅላታቸው ትልቅ፣ ሰውነታቸው ትንሽ ሆኖ እንደ አሻንጉሊት ተሥለዋል። ዘፈኑ ሲጀምር በመስመር ላይ የተደረደሩ ምልክቶች ይታያሉ፤ ተጫዋቹ ዜማው እያንዳንዱ ምልክት ላይ ሲደርስ ቁልፍ ይጫናል ወይም ስክሪኑን ይነካል። የቀደመ ይሳሳታል፣ የዘገየም ይሳሳታል። አንዳንዱን ነክቶ መልቀቅ፣ አንዳንዱን ደግሞ ይዞ መቆየት ያስፈልጋል።

ዋናዋ ዘፋኝ ሚኩ ሰው አይደለችም። ሳፖሮ ከተማ የሚገኘው ክሪፕተን ፊውቸር ሚዲያ በኦገስት 2007 ለገበያ ያቀረባት የድምፅ ሶፍትዌር ናት። ሳኪ ፉጂታ የተባለች ተዋናይት ድምፅዋን ሰጥታለች፤ ያማሃ በሠራው ቮካሎይድ በተባለው ቴክኖሎጂ አማካይነት ዜማና ግጥም ያስገባ ሰው ሁሉ ሊያዘፍናት ይችላል። ይህ ለስቶክሆልም ነዋሪ ብዙም እንግዳ አይሆንም። የከተማችን ስመ ጥር ባንድ አባ በሜይ 2022 ለንደን ላይ በዲጂታል አምሳያዎቹ ኮንሰርት ማሳየት ጀምሯልና።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። በጃፓንኛ «ኪቴ» ላልቶ ሲነገር «ና» ማለት ነው፤ «ቴ» ሲጠብቅ ግን የፖስታ ቴምብር ይሆናል። በስዊድንኛ «ታክ» አናባቢው ረዝሞ ሲነገር ጣሪያ ነው፤ አጠር ብሎ «ክ» ሲጠብቅ ምስጋና ነው። እኛስ? ልጅ ስልክ አንስቶ «አባባ አለ» ቢል፣ «ለ» ከጠበቀ አባቱ ቤት ውስጥ አለ፤ ከላላ ደግሞ አባቱ አንድ ነገር ተናግሯል። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም። «ዋና» ጠብቆ አለቃ፣ ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው በጽሕፈት ነው። ስዊድኖች ለሚጠብቀው ድምፅ ተጨማሪ ፊደል ይጽፋሉ። ጃፓኖችም፣ እንደ ፊደላችን አንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ በሚይዝበት ጽሕፈታቸው፣ ለሚጠብቀው ድምፅ ትንሽ ምልክት ያስገባሉ። የእኛ ፊደል ግን ማጥበቂያ የለውም። ስለዚህ ከሀ እስከ ፐ የቆጠረ ልጅ እንኳ ቃሉን ከሰው አፍ ካልሰማ አስተካክሎ አያነበውም። መጽሐፍ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ለመሆኑ እኛ እንዲህ ያለ ጨዋታ አልነበረንም? የቡሄ ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ዱላው በአንድነት መሬት ይመታል። የእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አበባየሆሽን በከበሮና በጭብጨባ ይሉታል። ምቱን የሳተ ወዲያው ይታወቅበታል። ልጁ እየተጫወተ፣ የትኛው ቃል እንደሚጠብቅና የትኛው እንደሚላላ በጆሮው ይይዛል። ስለዚህ መሣሪያውን ከልጁ ከመንጠቅ አብሮ ተቀምጦ መጫወት፣ ቀጥሎም «አሁን ደግሞ የእኛን» ብሎ ማስጨብጨብ ይሻላል።

ሌላው ጉዳይ የመብት ነው። ስዊድን ከ1977 ጀምሮ በትምህርት ቤት የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ትሰጣለች። በአንድ ኮሙን ውስጥ ቢያንስ 5 ተማሪዎች አማርኛን ከጠየቁና ብቁ መምህር ከተገኘ ኮሙኑ ትምህርቱን የማቅረብ ግዴታ አለበት። አምስት ልጅ ማለት እሑድ ቡና የሚጠራሩ የሁለት ወይም የሦስት ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ሕጉ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ቋንቋው ልጁ ከቤተሰቡ ጋር በየዕለቱ የሚነጋገርበት መሆን አለበት፣ ልጁም መሠረታዊ ዕውቀት ሊኖረው ይገባል። እኛ ለልጆቻችን በተሰባበረ ስዊድንኛ መመለሱን ከቀጠልን፣ ቋንቋው ብቻ ሳይሆን የመማር መብቱም ከእጃችን ይወጣል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ማመልከቻውን ከልጃችሁ ትምህርት ቤት ጠይቁ፤ ጎረቤታችሁም እንዲጠይቅ ንገሩ። ማታ ልጁ ጨዋታውን ሲያስቀምጥ «አለ»ን አንዴ አጥብቃችሁ፣ አንዴ አላልታችሁ አስብሉት።