የወይን እርሻ ጎብኚ ከብርጭቆው በፊት ሐይቁን ይመልከት

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ባቱ ከተማ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ አቅራቢያ በሽቦ ላይ የተዘረጋ የወይን ተክል ረድፍ በረድፍ ይታያል። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ባቋቋመው በዚህ እርሻ ከቦርዶ የመጡ ችግኞች ተተክለው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያው ወይን ጠጅ «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» በሚሉ ስሞች ለገበያ ቀርቧል። ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡበትም ዙሪያው በጉድጓድ ታጥሯል።

የወይን እርሻን መጎብኘትና በቅምሻ ክፍል ተቀምጦ ጠጁን ማጣጣም በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በደቡብ አፍሪካ የገጠር ገቢ ምንጭ ከሆነ ቆይቷል። በአገራችን ግን ገና ጅምር ነው። ለመሆኑ ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ የሚሄድ ሰው ምን ሊያይ፣ ምን ሊቀምስ፣ ምንስ ሊጠይቅ ይገባል?

በመቀስ የሚመራ ተክል

በቦርዶ ወይን በክረምቱ ብርድ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ በጸደይ ነቅቶ በመስከረም አካባቢ ይለቀማል። በስምጥ ሸለቆ ግን ተክሉን የሚያስተኛ ብርድ የለም። እዚህ የክረምቱን ሥራ የሚሠራው የገበሬው መቀስ ነው። ቅርንጫፉ ሲገረዝ አዲስ እምቡጥ ይፈነዳል፤ ከአራት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜም ፍሬው ይደርሳል። ስለዚህ በሞቃታማ አገር ወይን በዓመት ሁለት ጊዜ ሊያፈራ ይችላል።

ይሁንና ሁለት ጊዜ ማፍራት ሁለት ጊዜ ጥሩ ጠጅ ማግኘት ማለት አይደለም። በዝናብ ወቅት የደረሰ ፍሬ ውኃ ይበዛበታል፣ ስኳሩ ይቀንሳል፣ ሻጋታም ያጠቃዋል። ባለሙያው መቀሱን የሚያነሣበትን ቀን የሚመርጠው ፍሬው በደረቁ ወራት እንዲበስል አስቦ ነው። ደረቅ ወር ደግሞ መስኖን ይጠይቃል።

ከጥንስስ እስከ ብርጭቆ

ጠላና ጠጅ ሲጠነሰስ ያየ ሰው በፋብሪካው ውስጥ እንግድነት አይሰማውም። እርሾ ስኳርን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ነጩ ወይን ጠጅ ፍሬው ተጨምቆ ጭማቂው ብቻ ሲብላላ ይገኛል፤ ቀዩ ከነልጣጩና ከነፍሬው ተብላልቶ ቀለሙን ከልጣጩ ይወስዳል። ያልበሰለ ሙዝ እንደሚያደርገው ምላስን የሚያደርቀው ጣዕምም ከልጣጩና ከፍሬው የሚመጣ ነው። በመብላላት ላይ ወዳለ ጋን አንገትን አስግጎ ማየት አደገኛ መሆኑን ግን ጎብኚው ይወቅ፤ የሚወጣው ጋዝ አየር ያሳጣል።

በቅምሻ ክፍል ሥርዓቱ ቀላል ነው። ብርጭቆው የእጅ ሙቀት እንዳያሞቀው በእግሩ ይያዛል። በመጀመሪያ ቀለሙ ይታያል፣ ቀጥሎ ይሸተታል፣ በመጨረሻ ጥቂት ተጎንጭቶ በአፍ ውስጥ ይንሸራሸራል። ቅደም ተከተሉ ከነጭ ወደ ቀይ፣ ከደረቅ ወደ ጣፋጭ ነው። የቀመሱትን በተዘጋጀው ዕቃ መትፋት ነውር አይደለም፤ የሙያው ወግ ነው። መኪና የሚነዳ ሰው ግን ከቅምሻው ይታቀብ፤ ወይም ሌላ አሽከርካሪ ይዞ ይሂድ። ፋብሪካ የሥራ ቦታ በመሆኑ አስቀድሞ ደውሎ ፈቃድና ቀጠሮ መያዝም ተገቢ ነው።

በብርጭቆው ውስጥ ያለው ሐይቅ

በቅምሻው መካከል የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። የደምበል ሐይቅ፣ ማለትም የዝዋይ ሐይቅ፣ ጥልቀቱ ትንሽ ነው። ከመቂና ከከታር ወንዞች የሚቀበለውን ውኃ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ይልካል። አብያታ መውጫ የሌለው ጨዋማ ሐይቅ ሲሆን ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ ሸሽቷል። በላይኛው ተፋሰስ የሚጨምር እያንዳንዱ የመስኖ ሞተር በታችኛው ሐይቅ ላይ ይቆጠራል።

በዚህ ተፋሰስ ውኃ የሚቀዳው የወይን እርሻ ብቻ አይደለም። የአበባ እርሻዎች፣ ሽንኩርትና ቲማቲም አምራች ገበሬዎች፣ የከተማዋ ነዋሪዎችም ከዚያው ይጠጣሉ። እምቦጭ አረምም በሐይቁ ላይ ታይቷል። እንግዲህ ጎብኚው ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ አላዋቂ አያሰኘውም። ውኃው ለተክሉ የሚደርሰው በጠብታ መስኖ ነው ወይስ በሌላ መንገድ? ጋኑና ወለሉ የታጠበበት ውኃ ሳይጣራ ወዴት ይሄዳል? ጭማቂው የወጣለት አተላ ይጣላል ወይስ ብስባሽ ማዳበሪያ ይሆናል? መልሱ ስለ ጠጁ ጥራት ከሚነገረው ያልተናነሰ ስለ እርሻው ይናገራል።

ሌላው ጉዳይ ገንዘቡ የት እንደሚቀር ነው። ጎብኚው ጠጁን ቀምሶ በዚያው ወደ አዲስ አበባ ቢመለስ ባቱ የምታተርፈው አቧራ ነው። ምሳውን ከሐይቁ በወጣ ዓሣ ቢበላ፣ በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ተሻግሮ የጥንቱን ደብረ ጽዮን ገዳም ቢሳለም፣ የዛይ ማኅበረሰብን ኑሮ ቢያይ ግን ጀልባ ቀዛፊውና ዓሣ አስጋሪው ከወይኑ ድርሻ ያገኛሉ። ድርሻ ያገኘ ሰው ደግሞ ሐይቁን ይጠብቃል። ወይኑም የሚኖረው ሐይቁ እስካለ ድረስ ነው።