ቦዩ ከሰኔ በፊት ይጠረግ

ማዘጋጃ ቤት ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው የይዞታ ካርታና የግብር ደረሰኝ ነው። እኔ ግን ደጃፌ ላይ ያለው ቦይ ነው የሚታየኝ።

የምኖረው ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ በሚያስገባ የኮብልስቶን መንገድ ዳር ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ ከተሞቻችን የተስፋፋው ይህ ንጣፍ ከጭቃ ገላግሎናል፤ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶችም እንጀራ ሆኗል። ድንጋዩ በመዶሻና በመሮ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ይጠረብና አሸዋ ላይ ተደርድሮ ይጠቀጠቃል። ዝናቡ ወደ ቦዩ እንዲወርድ መንገዱ ዘቅዘቅ ማለት አለበት። የውሃ ቧንቧ መቅበር ሲያስፈልግ ድንጋዩ ተነስቶ፣ ያው ድንጋይ ተመልሶ ይነጠፋል። ይህን ጥቅሙን እጅግ እወድለታለሁ።

ቦዩ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ከተደፈነ ግን ጎርፉ በንጣፉ ላይ ይሄዳል፤ አሸዋውን ከሥር ያጥበዋል፤ ድንጋዩም አንድ በአንድ ይለቃል። ባለፈው ክረምት በሰፈራችን ያየነው ይህንኑ ነው።

ቆሻሻ አለመጣል የነዋሪው ድርሻ ነው። ቦዩ የሚጠረግበት ጊዜ ጉዳይ ግን ከነዋሪው አቅም በላይ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል፤ አዲሱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ክረምቱ የሚገባውም ያኔ ነው! በጀቱ ሳይዘጋ ለመጨረስ የቦዩ ቁፋሮ ሰኔ ላይ ሲጣደፍ፣ ጉድጓዱን ውሃ ይሞላዋል። በእኔ እምነት ጨረታው በጥር ወጥቶ፣ ጠረጋውና ጥገናው ግንቦት ሳያልቅ መጠናቀቅ አለበት።

ቀበሌያችሁ ስለ ዕቅድ ሲያወያይ ሂዱ፤ የሰፈራችሁ ቦይ በየትኛው ወር እንደሚጠረግ ጠይቁ።