ሥራውን የወሰደው ማን ነው?

በአሜሪካ አንድ ፋብሪካ ተዘግቶ ሠራተኛው ሲበተን፣ እንጀራውን ያሳጣው ምን እንደሆነ ማወቅ ትልቅ የገንዘብ ጉዳይ ነበር። ያባረረው አዲስ ማሽን ከሆነ እንደማንኛውም ሥራ አጥ ለጥቂት ወራት የሥራ አጥነት ክፍያ እየተቀበለ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ከውጭ የገባ ዕቃ ከሆነና ይህም ከተረጋገጠለት ግን መንግሥት የኮሌጅ ክፍያውን ይችልለት ነበር፤ እየተማረ የሚኖርበት ገንዘብ ይሰጠው ነበር፤ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ቢዛወር የጓዝ ማጓጓዣውን አብዛኛውን ይሸፍንለት ነበር። ፕሮግራሙ የንግድ ማስተካከያ ድጋፍ፣ በአጭሩ ቲኤኤ ይባላል።

ሁለቱ ሠራተኞች ጎረቤታሞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የቤት ኪራዩም የልጅ ወጪውም ለሁለቱም እኩል ይደርሳል። ታዲያ ለምን ተለያዩ? ነገሩ የፖለቲካ ድርድር ውጤት ነው። ሐሳቡን በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው) ያነሡት የብረት ሠራተኞች ማኅበር መሪ ዴቪድ ማክዶናልድ ነበሩ። ጆን ኤፍ ኬኔዲ በሴናተርነታቸው ዘመን ተቀበሉት፤ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ በ1962 የንግድ ሕግ ውስጥ አስገቡት። ቀረጥ ሲቀነስ ዕቃ ይረክሳል፣ አገሩ ሁሉ ይጠቀማል፤ ጉዳቱ ግን ፋብሪካው በተዘጋበት ሰው ላይ ብቻ ይወድቃል። እንግዲያው የተጠቀመው የተጎዳውን ይካስ ነው ክርክሩ። የሠራተኛ ማኅበራትም በዚህ ተስፋ የቀረጥ ቅነሳውን ደገፉ።

ተስፋው ግን ወረቀት ላይ ቀረ። ሠራተኛው ሥራውን ያጣው በዋናነት መንግሥት በቀነሰው ቀረጥ ሰበብ መሆኑ መረጋገጥ ስለነበረበት፣ እስከ 1969 ድረስ አንድም ማመልከቻ አላለፈም። ማኅበራቱ «የቀብር መድን» እያሉ ተሳለቁበት። የእኛ እድር እንኳ ለቀስተኛውን ሟቹ በምን በሽታ እንደሞተ አስረዳ አይልም!

በ1974 ኮንግረስ መስፈርቱን አላላ፤ የውጭ ዕቃ ለሥራው መጥፋት ጉልህ ድርሻ ካለው ይበቃል ተባለ። ጥቂት ቆይቶ የጃፓን መኪና ገበያውን ሲያጥለቀልቅ የዲትሮይት ሠራተኞች ጎረፉ፤ በ1980 ወጪው ወደ 1.6 ቢሊዮን ዶላር አሻቀበ። በተከታዩ ዓመት ፕሬዚዳንት ሬጋን ቆረጡት። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ከንግድ ስምምነቶች ጋር ሲሰፋና ሲጠብ ኖረ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሦስት ሠራተኞች፣ ወይም ማኅበራቸው፣ ወይም ራሱ ቀጣሪው ማመልከቻ ያስገባሉ። የዋሽንግተን መርማሪዎች ለድርጅቱ ብቻ ሳይሆን ለደንበኞቹም መጠይቅ ይልካሉ፦ ከዚህ ፋብሪካ መግዛት ትታችሁ ከውጭ ማስመጣት ጀምራችኋል ወይ? ከጸደቀ ውሳኔው የፈረሙትን ብቻ ሳይሆን በዚያ ክፍል ሥራ ያጡትን ሁሉ ይሸፍናል። ትምህርት የገባ ሰው የሥራ አጥነት ክፍያውን ጨምሮ እስከ 130 ሳምንት ድረስ ሊደገፍ ይችል ነበር።

ይህ ሁሉ በተግባር የታየበት ቦታ ካናፖሊስ፣ ሰሜን ካሮላይና ነው። ከተማዋን የቆረቆራት የፎጣና የአንሶላ ፋብሪካ ነበር። የመጨረሻው ባለቤት ፒሎቴክስ በሐምሌ 2003 ሲከስር በአካባቢው ብቻ ከ4 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ሥራ አጣ። ብዙዎቹ በልጅነታቸው ትምህርት አቋርጠው ክርና ሸማ ውስጥ ያረጁ ነበሩ። በቲኤኤ ድጋፍ ወደ ሮዋን ካባረስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሲገቡ ከሙያው በፊት ሁለተኛ ደረጃን መጨረስ ነበረባቸው። ለ55 ዓመት ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ለዚህ ነው እኔ ከድጋፉ ሁሉ ብዙ ያልተወራለትን የደመወዝ መድን የማደንቀው። ዕድሜው 50 የሞላና ከ50 ሺህ ዶላር በታች የሚከፍል ሥራ ያገኘ ሠራተኛ፣ የድሮውና የአዲሱ ደመወዝ ልዩነት ግማሹ ይከፈለው ነበር፤ ጣሪያው በሁለት ዓመት 10 ሺህ ዶላር ነበር። 40 ሺህ ያገኝ የነበረ በ30 ሺህ ቢቀጠር በዓመት 5 ሺህ ይጨመርለት ነበር ማለት ነው። ቶሎ ሥራ ያስይዝ ነበር፤ ክብርም ይጠብቅ ነበር።

ፕሮግራሙ ሠርቷል ወይ? በ2012 የወጣ አንድ ግምገማ፣ ተሳታፊዎቹ ከአራት ዓመት በኋላም ከመሰሎቻቸው ያነሰ ገቢ ነበራቸው አለ። ኢኮኖሚስቱ ቤንጃሚን ሃይማን ደግሞ ፋይላቸው ለዘብተኛ መርማሪ እጅ የገባላቸውን ጥብቅ መርማሪ ከደረሳቸው ጋር አነጻጸረ፤ ድጋፉን ያገኙት በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 50 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ ገቢ አግኝተዋል። እኔ ሁለተኛው ያሳምነኛል፤ ሁለት ዓመት ትምህርት ላይ የቆየ ሰው ገቢው በአራት ዓመት መለካት የለበትም።

የኮንግረስ ፈቃድ ሳይታደስ ቀርቶ ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አዲስ ማመልከቻ ማጽደቅ ቆመ፤ ቀድሞ የጸደቀላቸው ግን መብታቸው ተጠብቋል። በንግድ ሳቢያ ሥራ ማጣት እኛንም ይመለከታል፦ በዚያው ዓመት ጥር ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ አስወጥታ ነበር፤ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎም ፒቪኤች የተባለው ልብስ አምራች የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቋል። በኢትዮጵያ ሕግ ለተሰናባች የአገልግሎት ስንብት ክፍያ አለ፤ የሥራ አጥነት መድን ግን የለም።

አሜሪካ ውስጥ ያላችሁና ፋብሪካችሁ የተዘጋባችሁ፣ በአካባቢያችሁ ወዳለው የመንግሥት የሥራ ማዕከል ሂዱ። ለማንኛውም ሥራ አጥ የተዘጋጀ ሥልጠና አለ፤ ከቲኤኤ ያነሰ ነው፣ ሥራችሁን የወሰደው ማን እንደሆነ ግን አይጠይቃችሁም።