ጋዝ ከመሙላት በፊት ሴንሰሩ ይመርመር

የመኪና ማቀዝቀዣ፣ በተለምዶ ኤሲ የምንለው፣ ለምቾት ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ በአዋሽ ወይም በድሬዳዋ ሙቀት ሕፃን ይዛ ለምትጓዝ እናት የጤና ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባም ቢሆን በክረምት ዝናብ የፊት መስተዋቱ በጉም ሲሸፈን፣ አየሩን አድርቆ እይታውን የሚያጠራው ይኸው መሣሪያ ነው።

ኤሲው ሥራውን ሲያቆም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መፍትሔ «ጋዝ ይሞላ» የሚል ነው። አንዳንዴም ኮምፕሬሰሩ ተበላሽቷል ተብሎ ለልጆች ትምህርት የተቀመጠው ገንዘብ ለመለዋወጫ ይውላል። ጥፋቱ ግን ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ የግፊት ሴንሰር ሊሆን ይችላል።

ይህ ሴንሰር ጋዙ በከፍተኛ ግፊት በሚያልፍበት ቱቦ ላይ ተተክሎ የግፊቱን መጠን ለመኪናው ኮምፒዩተር ያስታውቃል። ግፊቱ ከመጠን በላይ ሲያንስ ወይም ሲበዛ ኮምፒዩተሩ ኮምፕሬሰሩን ከጉዳት ለመጠበቅ ሲል ያቆመዋል። ሴንሰሩ ሲበላሽ ወይም ሽቦው ሲቆረጥ ግን ጋዙ እያለ የተሳሳተ መልእክት ይደርሳል፤ ኮምፕሬሰሩም ያለ ጥፋቱ ይቆማል።

ታዲያ እንዴት ይለያል? በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ መካኒኩ ግፊቱን በጌጅ ይለካል። አር-134ኤ በተባለው ጋዝ በሚሠራ መኪና፣ የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ሲሆን ጌጁ ከ5.5 እስከ 6 ባር ገደማ ያሳያል። ይህ ልኬት ጋዙ ሙሉ መሆኑን ባያረጋግጥም ጨርሶ ፈስሶ አለማለቁን ይነግራል። ቀጥሎ የኮምፒዩተር መመርመሪያ ተሰክቶ ሴንሰሩ የሚሰጠው ቁጥር ይነበባል። ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው። ጌጁ 5.7 እያለ ኮምፒዩተሩ ዜሮ ካነበበ ጥፋቱ የሴንሰሩ ወይም የሽቦው ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ግን ጋዙ ፈስሷል፤ የሚያፈስበት ቦታ ሳይጠገን ቢሞላ ተመልሶ ያልቃል።

አዲስ ሴንሰር ከመግዛት በፊትም የሴንሰሩ ሶኬት ተነቅሎ ይታያል። ብዙዎቹ ሦስት ሽቦ አላቸው፤ አንደኛው ከኮምፒዩተሩ 5 ቮልት የሚቀበል፣ ሁለተኛው የኔጋቲቭ፣ ሦስተኛው መልእክት የሚወስድ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ 5 ቮልቱ ካልደረሰ ጥፋቱን ከሽቦው ወይም ከኮምፒዩተሩ በኩል መፈለግ እንጂ ሴንሰር መቀየር ዋጋ የለውም።

ሴንሰሩን በቤት ውስጥ መፍታት አይገባም። በአንዳንድ መኪናዎች ሲፈታ ጋዙ በኃይል ወጥቶ ዓይንንና ቆዳን በብርድ ይጎዳል። ሴንሰሩን በሽቦ አታልሎ ኮምፕሬሰሩን ማሠራትም ጤነኛውን ዕቃ ማቃጠል ነው።

እንግዲህ እህቶች፣ ጋራዥ ስትሄዱ «ጌጁ ስንት አነበበ? ኮምፒዩተሩስ? 5 ቮልቱ ደርሷል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሳይሰጥ ኪሳችሁን አትክፈቱ።