ምጥ የሚቀሰቀሰው መቼ ነው? ቴምር፣ ተልባና የመተማ ሙቀት

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ ገንዳ ውኃና መተማ ዮሐንስ የሚወርድ መንገደኛ በግማሽ ቀን ውስጥ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ከ1000 ሜትር በታች ወደሆነ ቆላ ይደርሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ በዚያ አገር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፉ የተለመደ ነው። በእንዲህ ያለ ወቅት በእንግድነት በገባንበት ቤት ውስጥ ዘጠነኛ ወሯን የያዘች ወጣት ነበረች። አማቷ ከሱዳን የመጣ ቴምር በሳህን አቅርበውላት ሲያበቁ ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «ዶክተር ነዎት አሉ፤ ምጡ ቶሎ እንዲመጣላት ሌላ ምን ትብላ?» ሲሉ ጠየቁን። ዶክተርነታችን በፊዚክስ እንጂ በሕክምና አለመሆኑን ብንገልጽም ጥያቄው ግን አልለቀቀንም። ሐኪም ባልደረቦቻችንን ጠይቀንና መጻሕፍት አገላብጠን የተረዳነውን ለአንባብያን እናቀርባለን። (ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረቱ ካልተለየ በስተቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ማሕፀን ጡንቻ ነው። በአብዛኛው የእርግዝና ዘመን የጡንቻው ሕዋሳት ተነጣጥለው ይኖራሉ፤ አንዱ ቢኮማተር ሌላው አይሰማም። ወደ መውለጃው ሲቃረብ ግን በሕዋሳቱ መካከል ከፕሮቲን የተሠሩ ጥቃቅን መተላለፊያዎች ይበዛሉ፤ የኤሌክትሪክ ምልክትም ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ይሻገራል። ያን ጊዜ ጡንቻው በሙሉ እንደ አንድ አካል ይኮማተራል። በዚሁ ሰሞን የማሕፀን በር ይለሰልሳል፣ ይሳሳል።

ሄንሪ ዴል የተባለው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በ1906 ከአንጎል ሥር ካለችው ከፒቱታሪ እጢ የሚገኝ ንጥረ ነገር ማሕፀንን እንደሚያኮማትር አሳየ። ይህ ዛሬ ኦክሲቶሲን የምንለው ሆርሞን ሲሆን፣ በ1953 በቤተ ሙከራ የሠራው አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪንዮ በ1955 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ጄምስ ፈርጉሰን ደግሞ በ1941 የማሕፀን በር ሲወጠር መኮማተሩ እንደሚበረታ ገለጸ። ጽንሱ በሩን ሲገፋ ኦክሲቶሲን ይመነጫል፤ ኦክሲቶሲኑ መኮማተሩን ያበረታል፤ መኮማተሩም ጽንሱን ይበልጥ ይገፋዋል። በፊዚክስ ቋንቋ ይህ አዎንታዊ ግብረ መልስ ይባላል። በሠርግ ቤት ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚሰማው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት የዚሁ ዓይነት ክሥተት ነው። ማጉያው ካልተከፈተ ግን ማይክሮፎኑን የቱንም ያህል ብናስጠጋው ፉጨት የለም። ምጥን «በተፈጥሮ ለመቀስቀስ» የሚደረገው ሙከራ ሁሉ የሚሠራውም የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

ቴምሩን እንመልከት። በ2011 በታተመ የዮርዳኖስ ጥናት 69 ነፍሰ ጡሮች ከመውለጃቸው በፊት ለአራት ሳምንት በየቀኑ ስድስት ቴምር በሉ፤ 45ቱ አልበሉም። ምጥ በራሱ የጀመረላቸው ከበሉት 96 ከመቶ፣ ካልበሉት 79 ከመቶ ነበሩ። ሴቶቹ በዕጣ የተከፋፈሉ ስላልነበሩ ውጤቱን በጥንቃቄ መቀበል ይገባል፤ ያም ሆኖ አማቲቱ አልተሳሳቱም። ቴምር ምግብ ነው፤ የስኳር ሕመም ለሌለባት እናት አይጎዳም። የጡት ጫፍን ማሸት ኦክሲቶሲን ያስመነጫል። ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ በ72 ሰዓት ውስጥ ምጥ የጀመራቸው ካሹት 37 ከመቶ ያህል፣ ካላሹት 6 ከመቶ ያህል ነበሩ፤ ይህ የታየው ግን የማሕፀን በራቸው አስቀድሞ በለሰለሰ ሴቶች ላይ ብቻ ነው። የእርግዝና ችግር ላለባት ሴት ደኅንነቱ ስላልተረጋገጠ ያለ ሐኪም ምክር አይሞከርም።

ተልባስ? ልጁን ያንሸራትተዋል የሚባለው ልጥልጥነቱ ከአንጀት አልፎ ወደ ማሕፀን አይደርስም። ማለስለሻ ሰበቃን የሚቀንሰው በሚተሻሹት ገጾች መካከል ሲገባ ብቻ ነው። ለድርቀት ግን ይረዳል። ከሁሉ የምንፈራው የጉሎ ዘይትን ነው። የጀርመን ተመራማሪዎች በ2012 በአይጦች ላይ እንዳሳዩት በውስጡ ያለው አሲድ ማሕፀንንም አንጀትንም ያኮማትራል፤ የሚያስከትለው ተቅማጥ በቆላ ለነፍሰ ጡር ከባድ አደጋ ነው። ያለ ባለሙያ የሚወጋ የምጥ መርፌ ማሕፀንን እስከ መቅደድ ሊያደርስ ስለሚችል ጨርሶ አይታሰብም።

ደግሞስ ቀኑ በእርግጥ ደርሷልን? በአገራችን የሚነገረው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን 275 ቀን ነው። ሐኪሞች ከመጨረሻው የወር አበባ መጀመሪያ ጀምረው 280 ቀን ሲቆጥሩ፣ ከፅንሰቱ ዕለት ደግሞ 266 ያህል ይሆናል። እንግዲህ «አለፈኝ» የምትለው ሴት ከየት ጀምራ እንደቆጠረች ሳይታወቅ ቀን ማለፉን መናገር አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት ምጥ በሕክምና እንዲጀመር የሚመክረው 41 ሳምንት መሙላቷ በእርግጥ ለታወቀ ሴት ነው።

በመተማ ሳይጠሩት የሚመጣ ቀስቃሽም አለ፤ እርሱም ሙቀት ነው። አየሩ ከቆዳችን በላይ ሲሞቅ ሰውነት ሙቀቱን ማስወገድ የሚችለው በላብ ትነት ብቻ ነው፤ አንድ ሊትር ላብ ሲተን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ይዞ ይሄዳል። ያ ውኃ ካልተተካ ማሕፀን ያለ ጊዜው መኮማተር ሊጀምር ይችላል። በ2020 የታተመ የብዙ አገሮች ጥናት ድምር፣ ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ያለ ጊዜ የመውለድ ዕድል በ5 ከመቶ ያህል እንደሚያድግ አመልክቷል። ወባም ትኩሳት በማስነሣት ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርዱ ሰዎች ወባውን ስላልለመዱት ከእነርሱ መካከል ያሉ ነፍሰ ጡሮች ይበልጥ ይጎዳሉ።

ወደ አማቲቱ ጥያቄ ስንመለስ፣ ችኮላቸው ከንቱ እንዳልነበረ የገባን ቆይቶ ነው። የፈሩት ምጡ በሌሊት፣ መኪና በሌለበት፣ ጓንግ በሞላበት እንዳይመጣ ነበር። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል ብዙ ስደተኞች ገቡ፤ በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት መንገዱን ይበልጥ አስቸጋሪ አደረገው። ምጥ መንገድ ላይ ሲጠና፣ ልጅ መታጣቱ ሳያንስ እናት ለፊስቱላ ልትዳረግ ትችላለች።

ምጡን ወደ ሴቲቱ ከመሳብ ይልቅ ሴቲቱን ወደ ጤና ተቋም ማስጠጋት ይቀላል። በወልቂጤ አቅራቢያ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል በ1976 ለነፍሰ ጡሮች ማቆያ ቤት ሲያዘጋጅ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ አሠራሩ ኋላ በብዙ የአገራችን ጤና ጣቢያዎች ተስፋፍቷል። ለአማቲቱም ያልናቸው፣ ቴምሩ ይቀጥል፣ ውኃ ሳትጠማ ትጠጣ፣ ደም ወይም እንሽርት ውኃ ከፈሰሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት ከያዛት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ሳታድር ትሂድ፣ ማቆያ ቤት ካለ ደግሞ ከቀኗ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ትግባ የሚል ነበር። እርሳቸውም ጥቂት አስበው፣ «ቴምሩን ይዛ መግባት ይፈቀዳል?» አሉን።