እውነት ወይስ ተረት? የደመወዝ ጭማሪ ስንት ያወጣል?

የጭማሪ ደብዳቤ የደረሰው ሠራተኛ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው መቶኛው ላይ ነው። ወሩ አልቆ ደመወዙ ባንክ ሲገባ ግን ያሰበውን ያህል አያገኝም። ያን ጊዜ ግምትና ወሬ ይበዛል፤ ብዙ ሰውም መብቱን ሳይጠይቅ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ምሳሌ ይዘን እናስላ፦ በግል ድርጅት ተቀጥሮ ደመወዙ ከ10,000 ብር ወደ 12,000 ብር ያደገለት ሠራተኛ። ግብሩን የምናሰላው በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ነው።

ተረት 1፦ «ጭማሪው ከፍ ወዳለ የግብር እርከን ካስገባኝ ከበፊቱ ያነሰ ይደርሰኛል።»

እውነቱ፦ ከፍ ያለው ምጣኔ የሚነካው ከእርከኑ መነሻ በላይ ያለውን ብር ብቻ ነው። ከ10,000 ብር በላይ እስከ 14,000 ብር ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል፤ ከዚያ በታች ያለው ግን በቀድሞው ምጣኔ ይቀጥላል፤ የመጀመሪያው 2,000 ብር ደግሞ ከግብር ነፃ ነው። በ10,000 ብር ላይ 200 ብር ቢጨመር 60 ብር ለግብር፣ 14 ብር ለጡረታ ይሄዳል፤ 126 ብር ኪስ ይገባል። ግብርን ፈርቶ ጭማሪን ወይም የሥራ እድገትን አለመቀበል በገዛ እጅ ገንዘብ መጣል ነው።

ተረት 2፦ «20 በመቶ ከተጨመረልኝ 20 በመቶ ይበልጥ ይደርሰኛል።»

እውነቱ፦ ከ10,000 ብር ላይ 1,650 ብር ግብርና 700 ብር ጡረታ ሲቀነስ 7,650 ብር ይቀራል። ከ12,000 ብር ላይ 2,250 ብር ግብርና 840 ብር ጡረታ ሲቀነስ 8,910 ብር ይቀራል። ከተጨመረው 2,000 ብር የደረሰው 1,260 ብር ነው፤ ይህም 16.5 በመቶ ገደማ ነው። ምክንያቱም ጭማሪው በሙሉ ያረፈው 30 በመቶ በሚቆረጥበት እርከን ላይ ነው።

ተረት 3፦ «አበል ተጨመረ ደመወዝ ተጨመረ ያው ነው።»

እውነቱ፦ የጡረታ መዋጮ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰሉት ከደመወዝ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትራንስፖርት አበል እንደ ደመወዝ አይቆጠርም። ደመወዝ በ2,000 ብር ሲያድግ አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶም በ220 ብር ያድጋል። ዛሬ ኪስ ባይገባም ለነገ የሚጠራቀም ነው።

ተረት 4፦ «የሚደርሰኝ ብር ከበዛ ኑሮዬ ተሻሻለ ማለት ነው።»

እውነቱ፦ ካለፈው ጭማሪ ወዲህ የገበያው ዋጋ 15 በመቶ ወጣ እንበል። ያኔ በ7,650 ብር ይሸመት የነበረው ዛሬ 8,797 ብር ከ50 ሳንቲም ይጠይቃል። ሠራተኛችን ከሚደርሰው 8,910 ብር ላይ በእርግጥ ያተረፈው 112 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው።

ለድርድር ስትቀመጡ ይህን ስሌት ይዛችሁ ግቡ። 15 በመቶ የዋጋ ንረት ባለበት የ10,000 ብር ደመወዝተኛ 15 በመቶ ቢጨመርለት ኑሮው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ባለበት ለመቆየት ብቻ ደመወዙ 11,822 ብር ገደማ መሆን አለበት፤ ይህም ከ18 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። እውነተኛው ጭማሪ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።