የሊቅ ሥራ በማን ምስክርነት ይመዘናል?

በቦረና በመካነ ሰላም ዙሪያ፥ ከዓባይ ሸለቆ በላይ ባለውም ደጋ፥ እናት ልብስ ይዛ ወደ ወንዝ ወርዳ በእንዶድ ስታጥብ ማየት ለአባቶቻችን አዲስ ነገር አልነበረም። እንዶድ የሳሙናን ሥራ ስለሚሠራ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከዚህ ከተራ የቤት ሥራ ለዓለም የሚጠቅም ዕውቀት ሊወጣ እንደሚችል ያስተዋሉ አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሊቅ ናቸው።

በ1964 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር አክሊሉ ለማ የብልሃርዝያን በሽታ ለመመርመር ወደ ዐድዋ ሄደው ነበር። የዚህ በሽታ ትል በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ካደገ በኋላ ወደ ውሃው ወጥቶ፥ በዚያ የሚታጠበውን ወይም የሚሻገረውን ሰው ቆዳውን በስቶ ይገባል። ዶክተር አክሊሉም ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ስላዩ ነገሩን መረመሩ፤ የገደላቸውም እንዶድ መሆኑን ደረሱበት።

ያዩትንም በቃል ብቻ አላስቀሩትም። በ1965 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አጭር የመጀመሪያ መግለጫ አወጡ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት ሰፋ ያለውን የምርመራ ውጤት አሳተሙ። በ1989 ዓ.ም. ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ፥ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ሽልማት ተቀበሉ።

አሁን ጥያቄው እንዲህ ነው፤ የእንደዚህ ያለ ሊቅ ሥራ በምን ይለካል? በዘመናችን አንዱ መለኪያ፥ ጽሑፉን ሌሎች ሊቃውንት ስንት ጊዜ በስሙ እንደ ጠቀሱት መቍጠር ነው። ይህንን የሚመዘግበው ታላቅ መዝገብ በአሜሪካዊው በዩጂን ጋርፊልድ ትጋት የተጀመረው ዶክተር አክሊሉ ዐድዋ በወረዱበት በ1964 ዓ.ም. ነው። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ሌላ ቍጥር አወጣ፤ ይኸውም አንድ ሰው እያንዳንዳቸው 20 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ቢኖሩት ቍጥሩ 20 ይባላል ማለት ነው።

ይህ ልማድ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። የመጽሐፍ መምህር ትርጓሜውን ከማን እንደ ተማረ ይናገራል፤ ሼኹም ዕውቀቱን ከመምህሩ እስከ መምህሩ መምህር በተራ ይቈጥራል። ምስክር የሌለው ቃል አይጸናምና።

ሆኖም ቍጥር ሁሉን አይመዝንም። በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ በቂ እምነት ሳያገኝ ስለ ቀረ፥ የእንዶድ ምርመራ እንደ ገና በሌላ አገር እንዲደገም ተጠየቀ፤ በዚህም ሥራው ብዙ ዓመት መዘግየቱን ዶክተር አክሊሉ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ሲያስረዱ ኖረዋል። በሽታው ግን አልጠበቀም፤ በ2021 ዓ.ም. እንኳ በዓለም ላይ መከላከያ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከ250 ሚሊዮን በላይ እንደ ነበሩ የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል። ከዚህም በላይ፥ በዐድዋ ወንዝ ዳር ልብስ ያጥቡ የነበሩት ሴቶች የነገሩ መነሻ ሲሆኑ፥ ስማቸው በማንኛውም የጥቅስ መዝገብ አይገኝም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ዛሬ በመካነ ሰላም የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተከፍቶ ልጆቻችሁ ወደ ምርምር በር ቀርበዋልና፥ ሁለት ነገር ምከሯቸው። አያታቸው ስለ ቅጠልና ስለ ሥር የምትነግራቸውን አይናቁ፤ ነገር ግን እውነት ነው ብለው ዝም ብለው አይቀበሉ፤ ይመርምሩት፥ ይጻፉትም። በጻፉም ጊዜ ከማን እንደ ሰሙት ይግለጹ። ሳይጻፍ የቀረ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል፤ ባለቤቱ ሳይጠቀስ የተጻፈ ግን የተሰረቀ ገንዘብን ይመስላል።